«ባደረባት ሕመም» ብዬ የጻፍኩት

ውድ የምሕረት እናት፣ አማረቼ፤

ከተለየሽኝ ይኸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የቤተ ክርስቲያናችን ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሳልነግርሽ የቀረሁት ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ሆሳዕና ቤታችን በረንዳ ላይ ነኝ። ልጃችን ጓዳ ናት፤ ስልኳ እኔ ፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሁለታችንም ጆሮ እሱ ላይ ነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የጓሮውን እንሰት እህትሽ እየመጣች ትንከባከበዋለች፤ እኔንማ ታበላሸዋለህ ብላ አታስጠጋኝም። ጡረታ ወጥቻለሁ። የቀረኝ ሥራ ያው የምታውቂው ነው፤ ሰው ሲሞት በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መጻፍ። ከጎኔ ተቀምጠሽ «ሰውየውን መልአክ አደረግከው እኮ» እያልሽ የምትስቂው ትዝ ይለኛል።

ያንቺንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ» አልኩ። ለሁሉም የምጽፈው እሱን ነው፤ እጄ ለምዶታል። የሕመምሽን ስም ግን አውቀው ነበር። አዲስ አበባ ሐኪሙ እኔንና ወንድምሽን ኮሪደር ላይ ጠርቶ የአንጀት ካንሰር ነው አለን። እኛ ተመልሰን የአንጀት ቁስለት ነው አልንሽ። ልብሽ እንዳይሰበር ብለን ነበር። አንቺም አምነሽን መድኃኒቱን በሰዓቱ ትውጪ ነበር። ሕመሙ ሲበረታብሽ አማርኛው ይጠፋና በሀዲይኛ ብቻ ትናገሪ ነበር፤ እኔ የከምባታው ልጅ ግማሹ እየገባኝ ግማሹ እያመለጠኝ እጅሽን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ምሕረትም የምታውቀው ያንኑ ቁስለት ነው። ዱራሜ እያስተማረች ከመንፈቅ በላይ ደም ሲያስቀምጣት ከርሟል፤ በየጊዜው አሜባ ነው እየተባለች ኪኒን ስትወስድ። ባለፈው ወር እናት ወይም አባታቸው በአንጀት ካንሰር የሞቱባቸውን ሰዎች፣ ወጣቶችም ቢሆኑ፣ በቀጭን ካሜራ የሚመረምር ጥናት እዚህ ሆሳዕና ሆስፒታል ተጀምሯል ሲባል ሰማችና ሄደች። ቀድሞ ከተገኘ ይድናል ይላሉ። እናትሽ በምን ሞተች ሲሏት በቁስለት አለች። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ የምታኖረውን የኔን ጽሑፍም አውጥታ አሳየቻቸው። ጥናቱ አንቺን አይመለከትም ብለው መለሷት።

ምሳ እየበላን «ተመስገን፣ እኔን አይመለከተኝም» ስትለኝ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ማንንም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ የገዛ ልጄን ፈራኋት። ወረቀቱን ተቀብዬ «ባደረባት ሕመም» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «በአንጀት ካንሰር» ብዬ ጻፍኩበት። ደጋግማ አነበበችው።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

አልነገርናትም አልኩ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ይዣት ስመለስ ባጃጅ ውስጥም ወረፋ ላይም አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

በምን እንደሞትሽ እኔው ነገርኳቸውና ተቀበሏት። ስትመረመር ውጭ አግዳሚ ላይ ጠበቅኩ። ሐኪሙ ብቅ ብሎ «አባቴ፣ አንዴ ለብቻዎ» አለኝ። አማረቼ፣ ያው የአዲስ አበባው ኮሪደር መሰለኝ። ልማድ ክፉ ነው፣ ልነሳ ነበር። ለእሷ ይንገሯት ብዬ ተቀመጥኩ። አንጀቷ ውስጥ እባጮች አግኝተው ቆርጠዋል፣ ለምርመራም ልከዋል። ምን እንደሆኑ ገና አናውቅም። ውጤቱ የሚነገርበትን ስልክ ቁጥር ሲጠይቁን የኔን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሷ ቀድማ የራሷን አስመዘገበች።

የገዛ ሞትሽን ደበቅኩሽ። ለልጅሽ የምትይው ነገር ይኖርሽ ነበር፤ እሱንም ነው የወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው፤ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር የገደለሽንም በስሙ እጠራዋለሁ። የሟች ቤተሰብ ቢቆጣም ከእንግዲህ «ባደረበት ሕመም» አልጽፍም።

ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የሆስፒታሉ ነው። ምሕረት ከጓዳ እየሮጠች ነው። እጄ ይደርሳል፤ አላነሳሁትም።