ያላነበብኩት ምዕራፍ

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

እማማ እናኑ አሁን ወጡ። ሰንጠረዡ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። አርባ ሦስተኛ ቀን፣ አርባ ሦስተኛ ውሸት። ደብተሬ፣ ላንተ እንኳ ልጻፈው።

እንደ ሁልጊዜው ነው። ኮፒ ቤቱን ስከፍት እማማ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ነጠላቸው በጭጋግ ርሷል። ፊደል አልቆጠሩም። አማርኛቸውም ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። የቀኑን የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ እኔ በአማርኛ አነብና በአዊኛ እነግራቸዋለሁ። ከዘንገና ወደ ከተማ ገብተው ጌታን ካገኙ ወዲህ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። የቤ/ክ የንባብ ኃላፊ እኔ ነኝ። የሁሉም ስምና የየቀኑ ምዕራፍ ያለበት ሰንጠረዥ ከማሽኑ በላይ ተለጥፏል።

ልጄ በሰባተኛ ወር እርግዝናዬ ሞታ ከተወለደች ወዲህ ማንበብ አልቻልኩም። መ/ቅ እከፍታለሁ። ዓይኔ ገጹ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ አፌ የመጣለትን በአዊኛ ይናገራል። ዛሬ በጌታ ብቻ ተደገፉ፣ ሰው የሠራውን የሚታመን ይወድቃል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እማማ የሆነ ነገር ጠየቁኝ። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ገባ። በቅጡ ሳልሰማቸው ራሴን ነቅንቄ አዎ ብዬ ሸኘኋቸው።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

በረዶ። መብራት የለም። እማማ በዚያ በረዶ መጡ። ትጋታቸው ያናድደኛል። እንደ ሰው አንድ ቀን ቢቀሩ ምን አለበት? ደግሞ እንዲህ ማሰቤን ስሰማ ራሴን እጠላለሁ።

ዛሬ ስለ ዘሪ አወራሁ። ሰንጠረዡ ስለ ነገሥታት ነው የሚለው። ማን ያርመኛል? ባለቤቴ ከሚሠራበት ከጫግኒ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እያነበብሽ ነው ወይ አለኝ፣ ያጽናናሻል ብሎ። አዎ አልኩት።

አያጽናናኝም። ባነበው ለልጄ የሚሆን ስም የማገኝበት ይመስለኛል፤ እፈራለሁ። ስም ሳላወጣላት ነው የቀበሯት።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ቤ/ክ ውስጥ ሽማግሌው ስሜን ጠርተው አስነሱኝ። ሐዘን ያልበገራት፣ አንድ ቀን ያልዘለለች እህት ተባልኩ። እልልታ። እማማ እናኑ ከፊት ወንበር ዞረው እጄን ሳሙ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። አልዋጠችኝም፤ ቆሜ አሜን አልኩ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

እማማ አልመጡም። ደስ አለኝ። መጻፍ አለብኝ፣ ደስ አለኝ።

4:30

ልጃቸው ብርቱካን መጣች። እማማ ንጋት ላይ ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸው አይነሳም፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ለምን አቋረጡ ብሎ ጠየቃት። እሷም አታውቅም ነበር። ቤት ሄዳ ስትፈልግ ክኒኑን በጨርቅ ተቋጥሮ ከአልጋ ስር አገኘችው። ሳምንት ሙሉ አልነኩትም። ለጎረቤት ግን ነግረዋል። የማክሰኞው ቃል ሰው የሠራውን ተዉ አለ፤ መድኃኒትም ወይ ብዬ የምታነብልኝን ልጅ ስጠይቃት አዎ አለችኝ፣ ብለው።

ለካ የጠየቁኝ ይህን ነበር።

ብርቱካን አልተቆጣችም። የባሰኝ እሱ ነው። እሷ አማርኛ ማንበብ ትችላለች፤ ያለፈውን ሳምንት የማክሰኞ ምዕራፍ ኮፒ አድርጊልኝ፣ እኔም ልየው አለችኝ። ቀለም አልቋል አልኳት።

9:00

ሱቁን ዘግቼ ያን ምዕራፍ ከፈትኩት። ለሞት የቀረበ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ነው። ይጸልያል፣ ያለቅሳል። ጌታ ይሰማዋል፣ አድንሃለሁ ይለዋል። ከዚያ ነቢዩ በለስ ያስመጣል። ቁስሉ ላይ ይለጥፉለታል፣ ይድናል።

መድኃኒት። ምዕራፉ ውስጥ መድኃኒት አለ። ሰባት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። ዓይኔን ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አስገብቼ ቢሆን ኖሮ እማማ ዛሬም በእግራቸው ይመጡ ነበር። በየቀኑ አንብቡ እያልኩ ሰው የምገሥጽ እኔ፣ ለካ ንባብን እንደ ሥራ ሰዓት ፊርማ ነበር የማየው። እማማ ግን የሰሙትን ይኖሩት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ በስምንት ቀን ጠራ።

ጌታ ሆይ፣ ልጄን ወሰድክ ብዬ ተቀይሜህ ነበር። እኚህን ግን የጣልኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሆ/ል ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር። አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል። ሲያዩኝ በደህናው እጃቸው ያዙኝ። በአዊኛ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው፣ "ዛሬስ ምን ይላል?" አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ ነው።

የዛሬውን አነበብኩላቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እያነበብኩ አለቀስኩ። ለእሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው እጄን ደባበሱኝ። ብርቱካን ክኒን በውኃ ስታቀርብላቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። ወደ እኔ አመለከቱ፣ ቃሉ መድኃኒት ተዉ እንዳለ ንገሪያት ለማለት። ሐኪሙ ግፊቱ ሁለተኛ ከመታቸው አይተርፉም ብሏል። ብርቱካን አየችኝ። ደንበኛ ይጠብቀኛል ብዬ ወጣሁ።

ደንበኛ አልነበረም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ ንጋት 12:30

የዛሬውን አነበብኩ። ምንም አላጽናናኝም። አነበብኩ ብቻ። ነገም አነባለሁ።

አሁን ሆ/ል እሄዳለሁ። በአማርኛ ብናገርና ብርቱካን ብታስረዳቸው ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ወለል ወለሉን እያየሁ። አይሆንም። የዋሸኋቸው በአዊኛ ነው፣ የምናዘዘውም በአዊኛ ነው፣ ፊት ለፊት። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ቀን አላነበብኩልዎትም" እላለሁ። ከዚያ መ/ቅ ለብርቱካን እሰጣታለሁ። የንጉሡን ምዕራፍ ስናገር እሷ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ትከተለኝ። አንድ ቃል ከጨመርኩ ታስቁመኝ። በለሱ ጋ ስደርስ ክኒኑን ትስጣቸው። ከእኔ እጅ አይሁን።

ቤ/ክ ያለኝን ይበለኝ። እማማም እኔን ይትፉኝ፤ ክኒኑን ብቻ ይዋጡት። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፣ እየጠራኝ ነው።