ከመስመር የወጡት ሦስት አይጦች

ውድ እትዬ ሚትሱኤ፣

ጡረታ ከወጡ ወዲህ በስልክ ብዙ አውርተናል፤ ይቅርታ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁዎትም። ዛሬ ልድፈር።

ሰንዳይ ከተማ ወዳለው ቤተ ሙከራ ስመጣ ገና ትኩስ የሒሳብ ዶክተር ነበርኩ፤ አይጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እርስዎ ምድር ቤት መድኃኒት እየወጉ የአይጦቹን የልብ ምት ይመዘግባሉ፤ እኔ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምቱን በቀመር እገልጻለሁ። ውሌ የሚያልቀው መጋቢት ላይ ነበር። እስከዚያ የምርምር ጽሑፍ ካላወጣሁ ናጋኖ ያለው እናቴ ቤት መግባቴ ነው።

በሙከራ ለሞቱ እንስሳት መታሰቢያ በሚደረግበት ቀን አበባ ይዘው የቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ተነሥ፣ እንሂድ።»

«እኔ እኮ የምሠራው ከቁጥር ጋር ነው እትዬ።»

«ቁጥሩን ታዲያ ከገበያ ገዛኸው?» አሉና ኮምፒውተሬ ላይ እያንዳንዱን አይጥ የሚወክሉትን ነጥቦች በጣትዎ መቁጠር ጀመሩ። «ሠላሳ ሰባት? አርባ አልነበሩም እንዴ?»

«ሦስቱ ከመስመር ወጡ፤ ሰረዝኳቸው። የመለኪያ ስህተት ነው።»

«የማን ስህተት? የኔ?» ፊትዎ ቀላ። «ስማ አንተ ሊቅ፣ እነሱም እንደሌሎቹ ሞተዋል። አንተ ደግሞ ጭራሽ እንዳልተፈጠሩ አደረግሃቸው!»

አልሄድኩም። ያለ ሦስቱ መስመሬ ያምር ነበር፤ ጽሑፉም ለመላክ ደርሷል። ግን ነገርዎ ከነከነኝ። በማግስቱ መዝገብዎን ገልጬ ሳይ፣ በሦስቱ አንጻር «መርፌው ስለተደፈነ ጥቂት በጥቂቱ ሰጠሁ» ይላል።

የመድኃኒቱ መጠን ያው ነው፤ የተለየው አሰጣጡ ብቻ። ለማቅለል ብዬ ከቀመሩ ያወጣኋትን አንዲት ቁራጭ መለስኳት። ለአንድ መጠን አንድ መልስ ይሰጥ የነበረው ቀመር ሁለት ሰጠኝ፦ በአንዴ ሲሰጥ የደከመ ልብ፣ ጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ የጤነኛ። ሦስቱ ነጥቦች ጤነኛው ላይ ቁጭ ብለዋል። እትዬ፣ ከባቄላ የማትበልጥ ልብ መድኃኒቱ በምን አኳኋን እንደመጣባት ትለያለች፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት ቀመር ይህን ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል። ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

የተዘጋጀውን ጽሑፍ ቀደድኩት። አዲሱ ሳይደርስ ውሌ አለቀ፤ እናቴ ቤት ሆኜ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስምዎን በጽሑፉ ላስገባ ብዬ ስደውል «መርፌ ስለተደፈነብኝ ልትሾመኝ ነው? አርፈህ ሥራህን ሥራ!» ብለው ዘጉብኝ።

ጽሑፉ ትናንት ታትሞ ወጣ። አልታዘዝኩዎትም፤ ስምዎ ከስሜ ፊት ነው። ሊቆጡኝ ከፈለጉ በአካል ይምጡ፣ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ። ስህተቱ የእኔ ነበር።

ተማሪዎ፣
ሹንሱኬ