ንጋት ድንኳን ውስጥ ያደረች ዕለት

ለምወድዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ የወገል ጤናን ብርድ ቻለው? ወንድሜ ቢሆነኝና ቤተሰቡስ ደኅና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ ወጣ፤ ገብሱም ዘንድሮ ደግ ነው።

በስልክ ከምነግርዎ ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ንጋትን ይዤ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ካለው መስክ ድንኳን ተክዬ አደርኩ። ያንኑ የእርስዎን ድንኳን፤ በበቅሎ የቱሪስት ዕቃ ሲያመላልሱ ፈረንጆቹ የሰጡዎትን።

ትዝ ይልዎታል? በየመስከረሙ እማዬን፣ ቢሆነኝንና እኔን ይዘው ተራራ ሲወጡ፣ ጎረቤቱ «ምነው፣ ቤታቸው ፈረሰ እንዴ?» እያለ ይስቅብን ነበር። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም ቆይታ፣ ድንኳኑ ሲቆም ቀድማ የምትገባው እርሷ ነበረች። እኔ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም። ልጄንም ይህንኑ ላወርሳት እመኝ ነበር፤ እርሷ ግን ድንኳን የምታውቀው በጦርነቱ ተፈናቅለን፣ በመጠለያ ነው።

ገና ስዘረጋው ፊቷ ተለወጠ። «ቤታችንስ?» አለችኝ። ነገ እንደምንመለስ ብነግራትም አልገባም ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። እርስዎ እንዳስተማሩኝ የድንኳኑን ጀርባ ለነፋስ ሰጠሁት። ካስማውን እንድትመታልኝ ለመንኳት። አንዱን እያኮረፈች መታች፤ ሌላውን ራሷ ከእጄ ነጠቀችኝ። ድንች ጠብሰን በላን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እየተንጫጩ ወደ ገደላቸው ሲወርዱ አይታ ከት ብላ ሳቀች።

ስንተኛ ግን ጫማዬን አላወልቅም አለች።

«ተነሱ ቢሉንስ?»

«ማንም ተነሱ አይለንም። ስንፈልግ ነው የምንነሳው» አልኳት።

አንዱን አወለቀች። ሌላውን እንዳደረገች መኝታችንን ወደየጥጉ ገፋችና መሃሉን ባዶ ተወችው። «የአባዬ ነው» አለች። መጠለያውም ውስጥ እንዲሁ ታደርግ ነበር። አባቷ እንደማይመለስ ያኔም አልነገርኳትም፤ አሁንም መሃሉን እንዳደረገችው ተውኩላት። እንቅልፍ ሲወስዳት ሁለተኛውን ጫማ ቀስ ብዬ አወለቅሁላት።

ጠዋት ተነሥታ በባዶ እግሯ ጤዛው ላይ ስትሮጥ ቆየች። ተመልሳ ብርድ ልብሱን አብራኝ እያጠፈች፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «እማዬ፣ መሃሉ ሰፊ ነው፤ ለአያቴ ጻፊላቸውና ይምጡ። እዚያ እርሳቸው ይተኙበት» አለችኝ።

አባቴ፣ ለካ እርስዎና እኔ ብቻ አልነበርንም የምናውቀው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከመኸሩ በኋላ ይምጡልን። ጉልበትዎ አያሳስብዎ፤ እስከ መስኩ የሚያደርስዎ በቅሎ እከራያለሁ። ገመዱን እንዴት እንደሚወጥሩት እንዲያሳዩዋት ከአሁኑ እየጠበቀችዎ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ምርቃትዎም ከደጃችን አይራቅ።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ፣
የንጋት እናት