ብርድ ያልነው ወገብሽ

እማዬ፣ ከተለየሽን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ በአፌ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ እንግዳ ሲመጣ ዛሬም ጓዳ እደበቃለሁ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

የአስቴር ባል ለብሔራዊ ውትድርና ስለሄደ እህቴ ወደ እኛ ተመልሳለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልክ እንዳንቺ ወገቧን ይዛ ስትነሳ ባየሁ ቁጥር ከቤት እወጣለሁ። ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም።

ያኔ ቡዳ እንዳያየኝ ብለሽ እርግዝናሽን ስትደብቂ፣ ወገቤን ብርድ መታኝ ትይ ነበር። እኔም አመንኩሽ። ሆድሽ ከገፋ በኋላ ደግሞ የሰፈር ልጆች፣ እናትሽ እንደ ማዞሪያው አውቶቡስ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች እያሉ ሳቁብኝ። አንድ ቀን ከውሃው ቦኖ ሆነሽ ጀሪካኑን እንድሸከምልሽ ጠራሽኝ። ልጆቹ እዚያው ነበሩ። እንዳልሰማ ሆኜ በአጥሩ በኩል ዞርኩ። አንቺው አዝለሽው ዳገቱን ወጣሽ። በሳምንቱ ምጥ መጣብሽ፤ አንቺም ሕፃኑም አልተረፋችሁም። ከዚያ ወዲህ የገደልኩሽ እኔ እየመሰለኝ ኖርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አስቴርን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወገቧን ብርድ መትቷት ነው ብንላት ነርሷ፣ እናንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ብርድ ነው ትላላችሁ ብላ ሳቀችብን። በእርግዝና ጊዜ የዳሌ መገጣጠሚያ እንደሚላላ፣ ሆድ ሲከብድም ወገብን ወደ ፊት ስቦ እንደሚያጎብጠው አስረዳችን። ከባድ እንዳታነሳ፣ በጎኗ ተኝታ ጉልበቶቿ መሀል ትራስ እንድታደርግ መከረቻት። አስቴር ስትወጣ እኔ ቀረሁ። በሩን ገጠም አድርጌ ጠየቅኳት። ወገቧን የሚያማት ነፍሰ ጡር ውሃ ብትሸከም ትሞታለች ወይ? ከወለድሽ በኋላ ደሙ አልቆም ማለቱንም ነገርኳት። እጄን ይዛ፣ የኔ እመቤት፣ እናትሽን የወሰዳት ደሙ ነው እንጂ ጀሪካኑ አይደለም አለችኝ። እስከ ቤት እያለቀስኩ ሄድኩ። አስቴር ምን ሆንሽ ብትለኝ ዝናቡ ነው አልኳት።

አሁን ወገቧን ይዛ ስትነሳ ከቤት አልወጣም። ትራስ ስላጠረን ጋቢሽን አጥፌ ጉልበቶቿ መሀል አደርግላታለሁ።

እማዬ፣ ነርሷን የጠየቅኳት ይገድላል ወይ ብዬ እንጂ ያማል ወይ ብዬ አይደለም። እሱንማ ካንቺ አይቻለሁ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ እንኳ፣ እንዳመመሽ አልረሳልሽም።

ልጅሽ