ወይዘሮ አሰጋሽ እና «አትሸጥም» ያሏት ላንድሮቨር

ወይዘሮ አሰጋሽ ተክለ ሃይማኖት ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ኃይለኢየሱስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛች የኋላሸት በ1950 ዓ.ም. ወግዲ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ለወንዶቹ ዜማ ሲያስጠኑ እሳቸው ከደጅ ቆመው ያደምጡ ነበር። ዜማ በሳተ ተማሪ ከመሪጌታው ቀድመው እየሳቁ ስላስቸገሩ ከደጅም ተባረዋል። ዘመናዊ ትምህርታቸውን መካነ ሰላም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1969 ዓ.ም. ከሾፌር አለምነው ዋለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰርካለምንና ንጉሡን ወልደዋል። አቶ አለምነው ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰው የሚያመላልሱባት የቤንዚን ላንድሮቨር ነበረቻቸው። ባል ከመኪናዋ ሥር ሲተኙ ሚስት መፍቻ እያቀበሉ ሙያውን ለመዱ፤ መንጃ ፈቃድም አወጡ። አቶ አለምነው በ1991 ዓ.ም. ሲያርፉ ለቤተሰቡ የቀረችው መተዳደሪያ ይህችው መኪና ነበረች።

በዚያው ዓመት ሞተሯ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ መኪናዋ ታመመች። ዳገት ስትወጣ ደህና ናት። ሰው ለመጫን ስትቆም ግን ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት ዙር፣ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ስትነሣም ታንገራግራለች። ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተቀየረ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ታጠበ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ መካኒኮቹ ሚኒሞውን በብሎን ከፍ አድርገው ሰጧቸው። መኪናዋ መጥፋቱን ተወች፤ ቁልቁለት ላይ ግን ነዳጅ ሳይረገጥ እየገፋች አስቸገረች። ወይዘሮ አሰጋሽ ተሳፋሪዎቹን አውርደው ብሎኑን ወደ ቦታው መለሱ። መካኒኮቹንም «ሕመሟን በጩኸት አትሸፍኑብኝ» ብለው ተቆጧቸው።

የባላቸው ወንድም አቶ ይሄነው ሞተሩ አልቆለታልና ተፈታትታ ትሸጥ ብለው ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ሴት ልጅ ከሞተር ጋር ምን አላት ቢሏቸው፣ «መኪናዋ አትሸጥም። ልጆቼን እናንተ ታበሉልኛላችሁ ወይ?» ብለው ሸኟቸው።

ከዚያ ነገሩን ራሳቸው ያዙት። ስትሮጥ የማይታይ፣ ስታርፍ የሚብስ ሕመም በሽንቁር የሚገባ ያልተፈለገ አየር ነው አሉ። ሞተሩ ብዙ ሲስብ ትንሿን ሽንቁር አይቆጥራትም፤ ጥቂት ሲስብ ግን ታንቀዋለች። አንድ ማለዳ ሞተሩን አስነሥተው፣ ገና ሳይግል እርጥብ ጨርቅ በየመጋጠሚያው ይጫኑ ጀመር። ካርቡራተሩ ሥር ምንም የለም። አየርና ቤንዚን የሚገባበት ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት በኋለኛው ጥግ ላይ ጨርቁን ሲጫኑ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሲያነሡት ተመለሰ። ሞተሩ ሲገጠም በመጋጠሚያው መሐል ያለው አሮጌ ጓርኒሲዮን ሳይቀየር ቀርቶ ኖሮ ተሰንጥቋል። አዲስ ቆርጠው ገጠሙና በዚያው ቀን ተሳፋሪ ይዘው ወግዲ ገቡ። በዚያች መኪና ንጉሡን መምህር፣ ሰርካለምን ነርስ አድርገዋል።

በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የመኪናው ነገር ቀርቶ «ደግ የቤት እመቤት ነበሩ» ተብሎ እንዲታለፍ ከዘመድ ተጠይቋል። አይታለፍም። ወይዘሮ አሰጋሽ ደግ ነበሩ፤ ቁጡም ነበሩ፤ ሙያቸው ሾፌርነትና መካኒክነት ነበር። ይህን የጻፈችው ልጃቸው ሰርካለም ናት፤ የበላችበትን እንጀራ አትክድም።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆችና ወንድማቸውን አቶ አለኸኝን ትተው ሄደዋል። አስከሬናቸው በሌላ መኪና እንዳይጫን አደራ ብለው ነበርና፣ ዛሬ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰቻቸው ያቺው ላንድሮቨር ናት። ይህ ንባብ ከመጀመሩ በፊት ንጉሡ በቅጥሩ በር ላይ ሞተሯን አስነሥቶ ወርዷል፤ ማንም ነዳጅ አልረገጠም።

ድካማቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን ከማለታችን በፊት ግን አቶ ይሄነውም እኛም ለአፍታ ዝም ብለን ወደ ቅጥሩ በር እናድምጥ። ሞተሩ እስካሁን አልጠፋም።