በድሮው ስፌት ላይ የተሠራ ቤት

ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእታለም፣

ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ የጉልበት ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪሽስ ዛሬም ያው ቁጡ ናት? እኛ በጤና በኩል ምንም አንል። በሌላው ግን ደህና ነን ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

ባለፈው፣ የቤታችን ስንጥቅ በሲሚንቶ ይያዝ እንደሆነ ባለሙያዎቹን ጠይቅልኝ ብለሽኝ ነበር። ጠየቅሁ። እንደምታውቂው ሥራዬ መሬት አጥኚዎቹ ከመስክ የሚያመጡትን ድንጋይ በመጋዝ መቁረጥ ነው፤ አቧራ ስጠግብ እውላለሁ። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ከሰፈራችን የመጣውን ድንጋይ ቆርጬ ሳበቃ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። በጥንት፣ እጅግ በጥንት ዘመን፣ ሁለት መሬቶች ተጋጭተው እዚህ ተጣበቁ አለችኝ። ጥቁሩ ድንጋይ የአንዱ፣ ነጩ የሌላው ነው። ዛሬ ደግሞ ምድሪቱ ግራና ቀኝ እየተሳበች ነው፤ ስትሳብ ታዲያ አዲስ ቦታ ከመቀደድ ያንን የድሮ መጋጠሚያ መክፈት ይቀላታል። አሮጌ ሱሪ ሲወጠር በስፌቱ በኩል እንደሚተረተረው ማለት ነው። ቤታችን ልክ በዚያ መስመር ላይ ነው። ስንጥቁ ከግድግዳው አልጀመረም፣ ከሥር ነው የመጣው፤ ሲሚንቶ አይደርስበትም።

የሚያበግነኝ ምን መሰለሽ፣ መስመሩን መርጠን የሰፈርንበት እኛው ነን። የሰፈራችን ግንበኛ ሁሉ ቤት ሲቀይስ ጥቁሩና ነጩ ድንጋይ የሚገናኙበትን ይፈልግ ነበር። እዚያ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ይገኛል፣ የመሠረት ድንጋዩም በዶማ ይፈነቀላል። አባባም በግንበኝነታቸው ጀነን ብለው ያንኑ መረጡ። ለካ ውሃው የሚገኘውም ድንጋዩ የሚፈነቀለውም ዐለቱ እዚያ ድሮውኑ የደቀቀ ስለሆነ ነው። ቤታችንን ከሰነጠቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ማዶ ሄዱ። ለእኛም እዚያ ቦታ ተሰጥቶናል።

አባባ ግን ወይ ፍንክች። የአለቃዬን ቃል ስነግራቸው ሰሙኝና፣ ይኸ ልጅ ድንጋይ መቁረጥ ጀመርኩ ብሎ ዓለም ሲፈጠር ነበርኩ ሊል ነው ብለው ለእማዬ አሾፉብኝ። ከዚያ፣ ልጄ እመጣለሁ ብላለች፣ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው አሉና መዶሻቸውን አነሡ። ስንጥቁ ላይ ላንቺ አንድ ክፍል እየገነቡ ነው። የገነቡት በቅጡ ሳይደርቅ ይላቀቃል፤ መልሰው ይገነቡታል። እኔም ምን ላድርግ፣ ከሥራ ስመለስ ሲሚንቶ እያቦካሁ አቀብላቸዋለሁ። ጣሪያው አንድ ቀን በላያቸው ላይ ይወርዳል እያልኩ ስሰጋ ነው የምውለው። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እታለም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለአባባ እንደማትመጪ ጻፊላቸው። እዚሁ ቀረሁ፣ አትጠብቁኝ በያቸው። ትመጣለች እያሉ ከዚህ ቤት አይወጡም። ቃሉ እንደሚሰብራቸው አውቃለሁ፤ አንቺም እንዴት ብለሽ እንደምትጽፊው አላውቅም። ሌላ መላ ግን አጣሁ። በእኔ ምክር መሆኑን እንዳታነሺባቸው።

ታናሻችን ናፍቆቷን ትልክልሻለች፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፈኝ ነው። አባባ መስኮትሽ በየት በኩል ይሁን ይሉሻል። እማዬ ምን እንደምጽፍልሽ አታውቅም፤ ፍራሽሽን አውጥታ ፀሐይ እያስመታች ነው፣ ቶሎ ነይልኝ በልልኝ ብላኛለች።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ከአባባ ቤት፣ ግንቦት ዘጠኝ ቀን