በጠመኔ የወጣው ቁጥር

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ልጄ ኃይለ ገብርኤል፤ በሰው አገር ስትወጣ ስትገባ መልአክህ ከአጠገብህ አይለይ። እኔም እህትህ እናናየሁም ደህና ነን፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ ጠንክሮብናል።

አባትህ ታስሯል፤ ሳትደነግጥ አንብበው። የጭነት መኪናችንን ይዞ ከደብረ ሲና ሲመጣ ፖሊሶች አስቆሙት። ከሥሩ ባለው ብረት፣ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በዝገት ተበልቶ አልነበብ ስላላቸው፣ «እስኪነበብ ድረስ ከጣቢያው ግቢ አይወጣም» አሉት። አንድ መካኒክ ቁጥሩን እንደገና ልምታልህ ቢለው፣ አባትህ «ወንጀል ነው፤ የራሱ ቁጥር ይታይ» ብሎ እምቢ አለ።

ስለዚህ እኔው ከመኪናው ሥር ገባሁ። ዝገቱን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠረግሁት። ከዚያ ጠመኔ ስፈገፍግበት ዱቄቱ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብሎ አነበበና ከተሰረቁ መኪኖች መዝገብ ጋር አስተያየው።

«እናቴ፣ ይህ የተሰረቀ መኪና ቁጥር ነው» አለኝ።

አባትህ «ገዝቼው ነው!» እያለ ወሰዱት።

ስንቅ ሳደርስ በመኪናው አጠገብ ነው የማልፈው። እጄን ምነው በሰበሰብኩት እላለሁ።

ደሴ ላይ ሲገዛው አብረኸው ነበርክ። አባትህ የሻጩ ስም ጠፍቶበታል። ስሙንም መልኩንም እንዳስታወስከው ቶሎ ጻፍልን፣ የኔ ጌታ። አባትህ «ትምህርቱን ትቶ እንዳይመጣ» ብሏል፤ እኔም እንደሱ እላለሁ። ያሰብከውን ይሙላልህ፤ ክፉ አይይህ።

በር በተንኳኳ ቁጥር ግን አንተ ትመስለኛለህ።

እናትህ አመተ ማርያም